የመጀመሪያዋ ጥቁር የኦስካር ተሸላሚ ሃቲ ማክዳንኤል

የአሜሪካዊቷን ደራሲ የማርጋሬት ሚቸልን ዝነኛ ልቦለድ ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳሉ በሲጋራ ወረቀቶች ላይ እየጻፉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ወደ አማርኛ መመለሳቸው በንባብ ወዳዶች ዘንድ የታወቀ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው የስካርሌት ኦሃራን ሞግዚት ማሚን አይዘነጋም። ባሪያ ሆና ሳለ ቤቱን የምታስተዳድር፣ ጌቶቿን የምትገሥጽ፣ ሐዘናቸውንም ደስታቸውንም ከእነርሱ በላይ የምትሸከም ሴት ናት። ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1939 ወደ ፊልም ሲለወጥ ማሚን ሆነው የተጫወቱት ሃቲ ማክዳንኤል ናቸው። በዚህ ሥራቸውም የኦስካር ሽልማትን ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ለመሆን በቅተዋል።

ወይዘሮ ሃቲ ማክዳንኤል ዋና ገጸ ባሕርይ ሆነው የተሰለፉባቸው ሥራዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በፊልሙ ዓለም የኖሩት በአጃቢ ተዋናይነት ነው። ተመልካች ስሙን ሳያውቅ መልኩን ለይቶ የሚያውቀው፣ በገባ ቁጥር ትዕይንቱ ነፍስ የሚዘራበት፣ በማስታወቂያው ላይ ግን በትንሽ ፊደል የሚጻፍ ወይም ጨርሶ የማይጻፍ ተዋናይ በየሀገሩ አለ። ሃቲ ማክዳንኤል ሦስት መቶ በሚሆኑ ፊልሞች ላይ እንደታዩ ይነገራል፤ ስማቸው ተጽፎ የሚገኘው ግን ከመቶ በሚያንሱት ላይ ብቻ ነው።

ተዋናይዋ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1893 በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ነው። ልደታቸውን በ1895 የሚያደርጉ ጽሑፎችም አሉ። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል። ለእናትና አባታቸው 13ኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሄንሪ ማክዳንኤልና እናታቸው ሱዛን ሆልበርት ሁለቱም በባርነት የተወለዱ ሲሆኑ፣ እናታቸው በመንፈሳዊ መዝሙር የታወቁ ነበሩ።

አባታቸው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ መንግሥት ጎን ተሰልፈው በጥቁሮች ክፍለ ጦር ውስጥ የተዋጉ ወታደር ነበሩ። በጦርነቱ የደረሰባቸው ጉዳት እያደር ጉልበታቸውን ስላዳከመው ከባድ የጉልበት ሥራ መሥራት ተሳናቸው። የጡረታ አበል እንዲከበርላቸው ለዓመታት ለመንግሥት ቢያመለክቱም ማመልከቻቸው በተደጋጋሚ ተመልሷል። በባርነት ለተወለደ ሰው የልደት ምስክር ወረቀትና የተሟላ የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ እንደማይቻል መሥሪያ ቤቱ የተረዳለት አይመስልም። ቤተሰቡ በዚህ ሁሉ ጊዜ በችግር ኖሯል፤ ሴቶቹም በየሰው ቤት በልብስ አጣቢነትና በምግብ አብሳይነት ይሠሩ ነበር። ሃቲ ማክዳንኤል በኋላ በፊልም ላይ ደጋግመው የተጫወቱትን ሥራ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤታቸው ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ቤተሰቡ በአዲሱ ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ኮሎራዶ ግዛት፣ መጀመሪያ ወደ ፎርት ኮሊንስ ቀጥሎም ወደ ዴንቨር ተዛወረ። በዴንቨር ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ትምህርት ቤት ይማሩ ስለነበር ታዳጊዋ ሃቲ በኢስት ዴንቨር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። በ1910 መጠጥን የሚቃወም የክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ባዘጋጀው ውድድር ላይ ግጥም በቃላቸው አቅርበው የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ብዙም ሳይቆዩ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወንድማቸው ኦቲስ ያቋቋመውን ተጓዥ የትርዒት ቡድን ተቀላቀሉ። ወንድማቸው ሳምና እህታቸው ኤታም የመድረክ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም በኋላ በሆሊውድ ፊልሞች ላይ ሠርተዋል።

በዚያን ዘመን በአሜሪካ ሚንስትረል የሚባል የመድረክ ትርዒት ነበር። ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን በከሰል እያጠቆሩ በጥቁሮች አነጋገርና አረማመድ የሚያላግጡበት ጨዋታ ነው። ጥቁር አርቲስቶችም መድረክ የሚያገኙበት ሌላ በር ስላልነበረ በዚሁ ስልት ለመሥራት ተገደዋል። ሃቲ ማክዳንኤልና አንዲት እህታቸው በ1914 ሴቶች ብቻ የሚሳተፉበት የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው በዴንቨር መድረክ አቅርበዋል። የቡድኑ ጨዋታ የሚንስትረሉን ልማድ መልሶ የሚያላግጥበት መሆኑ ልዩ ያደርገዋል። ነጮች ስለ ጥቁር ሞግዚት ያላቸውን ሥዕል ጥቁሮች በሞሉበት አዳራሽ እያጋነኑ ሲያቀርቡት ተመልካቹ የሚስቀው በሞግዚቷ ላይ ሳይሆን ሥዕሉን በሳሉት ሰዎች ላይ ነበር። ይህን ጥበብ ከሃያ ዓመታት በኋላ ወደ ሆሊውድ ይዘውት እንደገቡ ፊልሞቻቸው ይመሰክራሉ።

ወንድማቸው ኦቲስ በ1916 ሲሞቱ የቤተሰቡ ቡድን ተዳከመ። የመጀመሪያ ባለቤታቸውም ከአንድ ዓመት በፊት በ1915 አርፈው ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በዴንቨር የታወቀውን የጆርጅ ሞሪሰንን የጃዝ ኦርኬስትራ ተቀላቅለው በድምፃዊነት በርካታ ግዛቶችን ዞሩ። በአሥርተ ዓመቱ አጋማሽ በዴንቨር ራዲዮ ያቀረቡት ዘፈን በአሜሪካ ራዲዮ ከዘፈኑ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች አንዷ አድርጓቸዋል። ከ1926 እስከ 1929 በነበሩት ዓመታት ደግሞ ለኦኬና ለፓራማውንት የሸክላ ኩባንያዎች በቺካጎ የብሉዝ ዘፈኖችን አስቀርጸዋል፤ ከግጥሞቹ በርካታዎቹን የጻፉት ራሳቸው ናቸው።

በ1929 የደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ ግን የቲያትር ቡድኖችን አንድ በአንድ በተነ። ወይዘሮ ሃቲ በዊስኮንሲን ግዛት በሚልዋኪ ከተማ ሥራ አጥተው ቀሩ። ያገኙት ሥራ ክለብ ማድሪድ በተባለ የምሽት ክበብ ውስጥ የሴቶች መጸዳጃና መታጠቢያ ክፍል አስተናጋጅነት ነበር። በክበቡ መድረክ ላይ የሚዘፍኑት ነጮች ብቻ ነበሩ። ስለ ድምፃቸው በሠራተኞቹና በደንበኞቹ ዘንድ መወራት ሲጀምር የክበቡ ባለቤት እያመነቱ አንድ ምሽት እንዲዘፍኑ ፈቀዱላቸው። ከዚያን ምሽት በኋላ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ አልተመለሱም፤ የክበቡ ቋሚ ድምፃዊ ሆነው ሠሩ።

በ1931 ወንድማቸውና እህቶቻቸው ወደሚኖሩባት ሎስ አንጀለስ ሄዱ። ወንድማቸው ሳም በከተማው በሚገኝ የራዲዮ ጣቢያ በሚተላለፍ አስቂኝ ፕሮግራም ላይ ይሠሩ ስለነበር ለእርሳቸውም ቦታ አገኙላቸው። በፕሮግራሙ ላይ «ሃይ ሃት ሃቲ» የምትባል፣ ቦታዋን የምትረሳ አዛዥ የቤት ሠራተኛ ሆነው በአድማጭ ዘንድ ተወደዱ። የሚከፈላቸው ገንዘብ ግን አንድ ሰው እንኳ አያኖርም ነበር። ስለዚህ ምሽት በራዲዮ የቤት ሠራተኛ ሆነው የሚጫወቱት ሴት ቀን ቀን በእውነተኛ የቤት ሠራተኛነትና በልብስ አጣቢነት ይተዳደሩ ነበር።

የፊልም ሥራቸው በ1932 «ዘ ጎልደን ዌስት» በተሰኘው ፊልም ተጀመረ። በ1933 ከሜይ ዌስት ጋር «አይም ኖ ኤንጅል» በተባለው ፊልም፣ በ1934 ደግሞ በዳይሬክተር ጆን ፎርድ «ጀጅ ፕሪስት» ላይ ሠሩ፤ በኋለኛው ከታዋቂው ዊል ሮጀርስ ጋር አብረው አዚመዋል። በዚያው ዓመት የፊልም ተዋንያን ማኅበር አባል ሆኑ። በ1935 ከሕፃኗ ኮከብ ከሸርሊ ቴምፕል ጋር «ዘ ሊትል ኮሎኔል» ላይ፣ በ1936 «ሾው ቦት» በተባለው የሙዚቃ ፊልም ላይ ከታላቁ ድምፃዊ ከፖል ሮብሰን ጋር ባልና ሚስት ሆነው ታዩ።

ከእነዚህ ሁሉ ለተዋናይዋ ችሎታ ምስክር የሚሆነው በ1935 የተሠራው «አሊስ አዳምስ» ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በፊልሙ ላይ ኑሮዋ ያላማረላት ወጣት፣ ካትሪን ሄፕበርን የተጫወቷት አሊስ፣ ሀብታም እጮኛዋን እራት ትጋብዛለች። ቤተሰቡ ባለጸጋ ለመምሰል ለአንድ ምሽት ብቻ የቤት ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ይህች ሠራተኛ ማሌና ሃቲ ማክዳንኤል ናቸው። ምሽቱ በሙቀት የሚቃጠል ነው፤ የሚቀርበው ምግብ ትኩስና ከባድ ነው። ማሌና በራሷ ላይ የተደረገው ነጭ ጌጥ እየተንሸራተተ፣ ሳትቸኩል፣ ፊቷን ሳትፈታ ሳህኖቹን ታቀርባለች። ከአፏ የሚወጣው ቃል እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ባየቻቸው ቁጥር ቤተሰቡ የደከመበት ማስመሰል አንድ በአንድ ይፈርሳል። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ስቲቨንስ ካሜራውን በእርሳቸው ላይ ማቆየታቸው ትክክል ነበር። በደቡብ ግዛቶች ያሉ አንዳንድ ነጭ ተመልካቾች ግን ይህን መሰሉ አጨዋወት ጌቶችን የሚንቅ ነው በሚል ቅሬታ አሰምተዋል። ቅሬታው ራሱ ተዋናይዋ ያሰቡት መልእክት መድረሱን የሚያሳይ ነው።

የፊልም አዘጋጁ ዴቪድ ሴልዝኒክ የማርጋሬት ሚቸልን ልቦለድ ወደ ፊልም ለመለወጥ ሲነሱ ለማሚ ሚና ብዙ ሴቶች ተወዳደሩ። በወቅቱ ከእርሳቸው ይበልጥ ትታወቅ የነበረችው ተዋናይ ሉዊዝ ቢቨርስ አንዷ ነበረች። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ሳይቀሩ በቤተ መንግሥቱ የሚያገለግሉ አንዲት ሠራተኛ እንዲታዩ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሃቲ ማክዳንኤል ለፈተና የቀረቡት ትክክለኛውን የቤት ሠራተኛ ልብስ ለብሰው እንደነበር ይነገራል። ሚናውን አገኙ።

የጥቁሮች ጋዜጦችና የጥቁር አሜሪካውያን መብት ተሟጋች ማኅበር ገና ቀረጻው ሳይጀመር መጽሐፉን አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ልቦለዱ ባርነትን እንደ መልካም ዘመን የሚተርክ፣ የነጮችን የሽብር ቡድን የሚያወድስ ነው የሚለው ተቃውሟቸው መሠረት ያለው ነበር። ሴልዝኒክ በግፊቱ ምክንያት ጥቁሮችን የሚያዋርደው ስድብ ከጽሑፉ እንዲወጣ ተስማሙ። የቀረው የፊልሙ መንፈስ ግን አልተለወጠም። ሃቲ ማክዳንኤልም በዚህ ፍሬም ውስጥ የተሰጣቸውን ሰው ሙሉ ሰው ለማድረግ ነው የሠሩት። ማሚ በእርሳቸው አጨዋወት የማትታለል ዳኛ ናት፤ የስካርሌትን ውሸት ከማንም ቀድማ የምታውቅ፣ የማትወደውን የማትሸፍን ሴት ናት።

ሽልማቱን ያስገኘላቸው በፊልሙ መጨረሻ ገደማ የሚታየው የደረጃው ትዕይንት እንደሆነ ብዙዎች ይስማማሉ። የቤቱ ሕፃን ከፈረስ ወድቃ ሞታለች። ማሚ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ የተጫወቷትን ሜላኒን እየመራች ረጅሙን ደረጃ ትወጣለች፤ እየወጣች በቤቱ የደረሰውን መከራ ታለቅሳለች፣ ትናገራለች። ካሜራው ሳይቋረጥ ይከተላቸዋል። የሞተችውን ሕፃንም፣ ያበደውን አባትም በዚያ ደረጃ ላይ አናያቸውም፤ ሐዘኑን የምናየው በአንዲት ሴት ድምፅና ትከሻ ላይ ነው። ይህን ያህል ረጅም ሐዘን ሳይጋነን መሸከም ቀላል ሥራ አይደለም።

ፊልሙ በዲሴምበር 15 ቀን 1939 በጆርጂያ ግዛት በአትላንታ ከተማ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ። የግዛቱ የዘር መለያየት ሕግ በሥራ ላይ ስለነበር ጥቁር ተዋንያን በምረቃው ላይ እንዲገኙ አልተደረገም። ለደቡብ ግዛቶች ከታተመው የምረቃ መጽሔትም የማክዳንኤል ፎቶግራፍ እንዲቀር ተደርጎ ነበር። የፊልሙ ዋና ተዋናይ ክላርክ ጌብል በዚህ ተቆጥተው እኔም አልሄድም ብለው እንደነበርና እንዲሄዱ የለመኗቸው ራሳቸው ሃቲ ማክዳንኤል እንደነበሩ ይነገራል።

የ12ኛው የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት በፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 በሎስ አንጀለስ በአምባሳደር ሆቴል ተካሄደ። ሆቴሉ ጥቁሮችን የማያስገባ ስለነበር ሴልዝኒክ ለታጩት ተዋናይ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። ፈቃዱ ቢገኝም የፊልሙ ባልደረቦች ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ተለይተው ከግድግዳው አጠገብ በተዘጋጀ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ከአጃቢያቸውና ከወኪላቸው ጋር እንዲቀመጡ ተደረገ። ለዚያው ሽልማት ከታጩት መካከል ባልደረባቸው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ይገኙበት ነበር። ሽልማቱን ያበረከቱት ተዋናይት ፌይ ቤይንተር ናቸው። ወይዘሮ ሃቲ ባደረጉት አጭር ንግግር ለዘራቸውም ለፊልሙ ኢንዱስትሪም መኩሪያ ሆነው ለመኖር ያላቸውን ተስፋ ገልጸው እንባ እየተናነቃቸው ከመድረኩ ወርደዋል። በዚያን ጊዜ ለአጃቢ ተዋንያን ይሰጥ የነበረው የተለመደው ሐውልት ሳይሆን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነበር። ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት ተዋናይ ውፒ ጎልድበርግ ይህን ሽልማት በ1991 እስኪያገኙ ድረስ 51 ዓመታት አልፈዋል።

ከሽልማቱ በኋላ የተሻለ ሚና ይመጣል ብሎ የጠበቀ ሰው ተሳስቷል። የመጡት ሚናዎች ያው የቤት ሠራተኛ ሚናዎች ነበሩ። በ1942 የመብት ተሟጋቹ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ዋልተር ኋይት ወደ ሆሊውድ መጥተው ስቱዲዮዎች ጥቁሮችን በሐኪምነት፣ በጠበቃነት፣ በተራ ዜግነት ጭምር እንዲያሳዩ ጠየቁ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር። ነገር ግን ነቀፌታው ከስቱዲዮዎቹ አልፎ ተዋንያኑን መምታት ጀመረ፤ ከሁሉም በላይ ያረፈው በሃቲ ማክዳንኤል ላይ ነበር። እርሳቸውም በሳምንት ሰባት ዶላር የሚከፈላት እውነተኛ ሠራተኛ ከመሆን ሰባት መቶ ዶላር እየተከፈላቸው ሠራተኛ ሆነው መጫወት እንደሚሻላቸው በመናገር መልስ መስጠታቸው ይነገርላቸዋል። ለብዙ ዓመታት በክርክሩ ተጎድተው ኖረዋል። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲመዘን ዋልተር ኋይት በሚናዎቹ ላይ የሰነዘሩት ትችት ትክክል እንደነበር መካድ አይቻልም፤ ብዕሩም ገንዘቡም በእጃቸው ያልነበረን ተዋናይ ተጠያቂ ማድረግ ግን የተሳሳተ አድራሻ ነበር።

በዚያው በ1942 የተሠራው «ኢን ዚስ አወር ላይፍ» ምን መሥራት ይችሉ እንደነበር የሚያሳይ ነው። ቤቲ ዴቪስ የተጫወቷት ባለጸጋ ሴት በመኪና ሰው ገጭታ ትገድልና ወንጀሉን በአንድ ጥቁር የሕግ ተማሪ ላይ ትጭናለች። ሃቲ ማክዳንኤል የወጣቱ እናት ናቸው። ልጃቸው ንጹሕ መሆኑን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ የለም፤ የጥቁር ሰው ቃል በፍርድ አደባባይ ክብደት እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም በሆሊውድ የድል ኮሚቴ የጥቁሮች ክፍል ሰብሳቢ ሆነው፣ በዘር ተለያይተው በሠፈሩ ጥቁር ወታደሮች ዘንድ ትርዒት የሚያቀርቡ አርቲስቶችን አስተባብረዋል።

ከፊልም ውጪ ያከናወኑት ትልቁ ሥራ ግን የተፈጸመው በፍርድ ቤት ነው፤ ይህም ከሚገባው በታች የሚነገርለት ነው። በ1942 በሎስ አንጀለስ ዌስት አዳምስ በተባለው አካባቢ፣ «ሹገር ሂል» በሚባለው ኮረብታ ላይ አንድ ሰፊ ቤት ገዙ። ተዋናይት ሉዊዝ ቢቨርስና ድምፃዊት ኤቴል ዋተርስም ጎረቤቶቻቸው ሆኑ። የአካባቢው የይዞታ ውሎች ግን ቤቶቹ ለጥቁሮች እንዳይሸጡ የሚከለክል ግዴታ ነበረባቸው። እንዲህ ያሉ ውሎች በዚያን ዘመን በአሜሪካ ከተሞች የተለመዱ ሲሆኑ ፍርድ ቤቶችም ያስፈጽሟቸው ነበር። አንዳንድ ነጭ ነዋሪዎች ጥቁሮቹ ከገዟቸው ቤቶች እንዲወጡ ክስ መሠረቱ።

ወይዘሮ ሃቲ ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው እየሰበሰቡ ለክርክሩ አዘጋጁ። ጉዳዩን ጥቁሩ ጠበቃ ሎረን ሚለር ያዙት። በዲሴምበር 1945 ክሱን የሰሙት ዳኛ ተርመንድ ክላርክ ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው ሄደው አካባቢውን ተመለከቱ። በማግስቱ ክሱን ውድቅ አደረጉት፤ ጥቁር ዜጎች በሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ የተረጋገጠላቸውን መብት ያለ ቅድመ ሁኔታ ሊያገኙ ይገባል የሚል ምክንያት ሰጡ። ሚለር በኋላ የመብት ተሟጋቹ ማኅበር ጠበቆች ሆነው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተከራከሩት አንዱ ሲሆኑ፣ ፍርድ ቤቱም በ1948 ሼሊ በክሬመር ላይ በተባለው መዝገብ እንዲህ ያሉ ውሎች በፍርድ ቤት ሊፈጸሙ እንደማይችሉ ለሀገሪቱ ሁሉ ወሰነ። ሹገር ሂል ራሱ ብዙ አልቆየም፤ በ1960ዎቹ የተሠራው የሳንታ ሞኒካ ፈጣን አውራ ጎዳና አካባቢውን ለሁለት ከፈለው።

የግል ሕይወታቸው ደስታ የሞላበት አልነበረም። አራት ጊዜ ያገቡ ሲሆን የመጨረሻዎቹ ሁለት ጋብቻዎች በፍቺ ተፈጽመዋል። በ1945 እርጉዝ መሆናቸውን ለወዳጆቻቸው አብሥረው የሕፃን ልብስ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ሐኪሞች እርግዝናው እውነተኛ አለመሆኑን ነገሯቸው። ይህ ሐዘን ለረጅም ጊዜ አልለቀቃቸውም።

በኖቬምበር 1947 ግን ሌላ በር ተከፈተ። «ቢዩላ» የተባለችውን ጥቁር የቤት ሠራተኛ በራዲዮ ላይ እስከዚያ ድረስ ይጫወቱ የነበሩት ድምፃቸውን የሚለውጡ ነጭ ወንዶች ነበሩ። ሲቢኤስ ሚናውን ለሃቲ ማክዳንኤል ሰጠ፤ በመላ ሀገሪቱ በሚሰማ የራዲዮ ተከታታይ ድራማ ዋና ተዋናይ የሆኑ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። በውላቸው ላይ በተሰባበረ አነጋገር እንዲናገሩ እንዳይገደዱና ያልወደዱትን ጽሑፍ እንዲለወጥ የማድረግ መብት እንዲኖራቸው አስገቡ። ሥራው ያው የቤት ሠራተኛ ሥራ ቢሆንም ቃሉን የመምረጥ ሥልጣን ለመጀመሪያ ጊዜ የእርሳቸው ሆነ። በ1951 ድራማው በቴሌቪዥንም እንዲቀርብ ተቀርጸው ጥቂት ክፍሎች እንደሠሩ በልብ ሕመም ታመሙ፤ ከዚያም የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። ሚናውን ሉዊዝ ቢቨርስ ተረከቡ።

ሃቲ ማክዳንኤል በኦክቶበር 26 ቀን 1952 በካሊፎርኒያ ዉድላንድ ሂልስ በሚገኘው የፊልም ሠራተኞች ሆስፒታል አረፉ። በኑዛዜያቸው በነጭ የሬሳ ሣጥን፣ ነጭ የጋርዴኒያ አበባ በፀጉራቸውና በእጃቸው ተደርጎ፣ በሆሊውድ መካነ መቃብር እንዲቀበሩ ጠይቀው ነበር። መካነ መቃብሩ ግን ጥቁሮችን ስለማይቀብር አልተቀበላቸውም። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተገኘበት ሥነ ሥርዓት በሮዝዴል መካነ መቃብር ተቀበሩ። በ1999 የሆሊውዱ መካነ መቃብር አዲስ ባለቤት አፅማቸው ወደዚያ እንዲዛወር ሲጠይቁ ቤተሰቡ ዕረፍታቸውን ማወክ አልፈለገም፤ በምትኩ በሆሊውድ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመላቸው። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስላቸው ያለበትን ቴምብር አውጥቷል። በ2010 ኦስካር የተሸለሙት ተዋናይት ሞኒክም እንደ እርሳቸው ጋርዴኒያ በፀጉራቸው አድርገው በመቅረብ ለከፈሉት ዋጋ በመድረኩ ላይ አመስግነዋቸዋል።

የኦስካር ሽልማታቸውን በኑዛዜ የሰጡት በዋሽንግተን ለሚገኘው ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት ተቋም ነው። ሆኖም ተዋናይዋ ሲሞቱ ትተውት ከሄዱት ንብረት የታክስ ዕዳው ይበልጥ ስለነበር ንብረታቸው ለዕዳ ማቅለያ እንዲሸጥ ተደረገ። ሰሌዳው በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲው እጅ ደርሶ በድራማ ክፍሉ ይታይ እንደነበር ይታወቃል፤ በኋላ ግን የገባበት ጠፋ። ብዙ ዓይነት ወሬ ተወርቷል፣ ጥናትም ተካሂዷል፤ ሰሌዳው አልተገኘም። አካዳሚው በምትኩ አዲስ ሰሌዳ አሠርቶ በኦክቶበር 1 ቀን 2023 በዩኒቨርሲቲው የአይራ ኦልድሪጅ ቲያትር በተካሄደ ሥነ ሥርዓት አስረክቧል።